አንበሳው ለምን አያየንም?

የነሐሴ ተክለ ሃይማኖት በዋለ ማግስት ሙዳየ ምጽዋቱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። ወረቀቱ በአንድ ወገን፣ ሳንቲሙ በሌላ። በመሀል ስመ ክርስትና የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይወጣል፣ የሸሚዝ ቁልፍም አይጠፋም። እኔ ሁልጊዜ የምመደበው ሳንቲሙ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ ገንዘብ ስከፍልና ስቀበል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና «የሱ ጣት ያውቃል» ይሉኛል። እውነትም ያውቃል። ማታ ግን እጄ ብረት ብረት ይሸታል፤ በሎሚ ካልታሸ አይለቅም።

ዘንድሮ አብሮኝ ሲቆጥር የዋለው ልጅ እግር ዲያቆን ባለ አንድ ብሩን ሳንቲም አንሥቶ አገላበጠና፣ «ጋሼ፣ ይሄ አንበሳ ለምንድን ነው የማያየን?» አለኝ።

«ሥራ በዝቶበት ነዋ» ብዬው መቁጠሬን ቀጠልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው ይከነክነኝ ጀመር።

የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው ጥቂት አሮጌ ገንዘቦች አሉኝ። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ጠገራዋ ላይ ያለችው ማርያ ቴሬዛ ወደ ቀኝ ታያለች፤ ዘመኗ 1780 ላይ ቆሟል። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ ያስመቱት ብር ላይ እሳቸውም፣ ዘውዳቸውን ደፍተው፣ ወደ ቀኝ ያያሉ። (ባላገሩ ግን ለረጅም ጊዜ የሴትዮዋን ጠገራ ይመርጥ ነበር፤ ጌጧን ቆጥሮ፣ ሐሰተኛ አለመሆኗን አረጋግጦ ነው የሚቀበላት።) በ1936 ዓ.ም. ሳንቲም ላይ ያሉት ጃንሆይ ደግሞ ዘውድ ሳይደፉ ወደ ግራ ዞረዋል። ግራ መጋባት ማለት ይህ ነው። በቀኝ አውለኝ እያለ የሚጸልይ ሕዝብ ንጉሡን ወደ ግራ የሚያይ አድርጎ ኪሱ ሲከት ምን ይሰማው ይሆን? ምንም። በኋላ እንዳስተዋልኩት ወደ ቀኝ የሚያየው ቀኝ ጉንጩን፣ ወደ ግራ የሚያየው ግራ ጉንጩን ይሰጠናል። ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

እንግሊዞች ግን ምሥጢር አድርገውታል። ከዳግማዊ ቻርልስ ዘመን ወዲህ፣ ከእ.ኤ.አ. 1660 በኋላ ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ንጉሥ ካለፈው በተቃራኒ ይዞራል። ኤድዋርድ ስምንተኛ ብቻ አሻፈረኝ አለ፤ ተራው የቀኝ ቢሆንም በግራ በኩል መልኬ ያምራል ባይ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ዙፋኑን ለቀቀ፣ ገንዘቡም ገበያ ሳይወጣ ቀረ። ወንድሙ ጆርጅ ስድስተኛ ሲተካ ኤድዋርድ ወደ ቀኝ እንዳየ ተቆጥሮ ወደ ግራ ተቀረጸ። ያልተደረገው እንደተደረገ ተቆጠረ! እንዲህ ያለ ሒሳብ እኔ መስኮት ላይ ብሠራ ኖሮ ጡረታዬን አልበላም ነበር።

ፊቱ በጎን የሚሆንበትን ምክንያት አንጥረኛም ይነግርሃል። ከፊት ለፊት የተቀረጸ ሰው አፍንጫው ጎላ ይላልና እጅ ለእጅ ሲዞር ቀድሞ የሚላገው እሱ ነው። ሄንሪ ስምንተኛ ብሩን በመዳብ ባበዛው ጊዜ ላይ ላዩ ተልጎ አፍንጫው ቀላ፤ «የመዳብ አፍንጫ» የሚል ስም ወጣለት። በጎን ያለ ፊት ግን በመስመሩ ብቻ ይታወቃል፣ ግንባርና አፍንጫ አገጭም እስኪደበዝዙ ድረስ ማንነቱ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ መልስ ነው። ልጁ የጠየቀኝ ግን የቀኝና የግራን ነገር አልነበረም፤ ለምን አያየንም ነው ያለው። እዚህ አገር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን መጠየቁ አይገርምም። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዐይን አለው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በስድስት ክንፋቸው፣ በቆመችው አንድ እግራቸውና በተሰበረችው ሌላይቱ፣ ፊት ለፊት ነው የሚሣሉት፤ በየትኛውም ጥግ ብትቆም ያዩሃል። ይሁዳ፣ አርዮስ፣ ሰማዕታቱን የሚሰይፉት ወታደሮች፣ ዲያብሎስ ራሱ፣ በጎን ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዐይን ብቻ። ፊደል ያልቆጠረች አያቴ እንኳ ግድግዳው ላይ ደጉን ከክፉው የምትለየው ዐይን ቆጥራ ነበር። እንግዲህ በዚህ ሕግ ብንሄድ ኪሳችን ውስጥ ያሉት ነገሥታት ሁሉ፣ አንበሳውም ጭምር፣ ከይሁዳ ወገን ሊሆኑብን ነው።

ይህን ይዤ ሥዕል የሚሥሉ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ብሩሻቸውን የሚያጥቡባት ጣሳ ከኔ ቆርቆሮ ታላቅ ሳትሆን አትቀርም። ነገሬን ከሰሙ በኋላ ሳቁና፣ «በላኤ ሰብእን እንዴት ልሣለው ትላለህ?» አሉኝ።

ታሪኩን የማያውቅ የለም። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው መንገድ ላይ ውሃ የጠማው ለምጻም ያገኛል። ለምጻሙ በብዙ ስም ይለምነዋል፣ አይሰማም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል፤ በፍርድ ቀን ያቺ ጥርኝ ውሃ ሰባ ስምንቱን ነፍስ ትመዝንለታለች።

«ሲበላ በአንድ ዐይን እሥለዋለሁ» አሉ መሪጌታ። «ሚዛኑ ዘንድ ሲቆም በሁለት። መሀሉ ላይ ነው ጭንቁ። ሁለተኛዋ ዐይን የምትወጣው መቼ ነው?»

«ውሃውን ሲሰጥ ነዋ።»

«ከዚያ በፊት ነው እንጂ። ስሟን ሲሰማ ዞሯል። ሳይዞር በምን እጁ ይሰጣል?»

ንስሓ የገባውን ሰው «ተመለሰ» እንደምንለው ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። በጎን የሚታይ ፊት ክፉ ብቻ አይደለም፤ ገና ሊዞር የሚችል ፊትም ነው። ሠዓሊው አንዱን ቅጽበት ያዘበት እንጂ የሰውየው አንገት አልደረቀም። የሳንቲሙ አንገት ግን ደርቋል፤ እስከ ዓለም ፍጻሜ ብትጠብቀው ወዳንተ አይዞርም።

ታዲያ ወደ ምን ነው የሚያየው? የአክሱሞቹን ገንዘብ በሥዕል ያየ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውላል። በሦስተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ያስመታው እንዱቢስ ራሱ ላይ ጨረቃና የፀሐይ ክብ አለው፤ ዒዛና ካመነ በኋላ በዚያ ቦታ መስቀል ገባ። አብዛኞቹ ነገሥታት ፊታቸው በጎን፣ ግራና ቀኛቸው የእህል ዛላ። በሰባተኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ የነበረው አርማሕ ደግሞ ሙሉ ቁመናው ተቀርጿል፤ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ረጅም መስቀል ይዟል። ወደ ጎን ያየው ከእኛ ፊቱን ነስቶ አይመስለኝም፤ የሚያየው ነገር ከፊቱ ስላለ ነው። በዚያው ምእት ዓመት መጨረሻ የቢዛንታይኑ ዳግማዊ ዩስጢኒያኖስ የክርስቶስን መልክ ወርቅ ላይ ሲያስመታ ግን ፊት ለፊት አደረገው፤ ንጉሡ ራሱ ወደ ሌላው ገጽ ተዛወረ። ቦታውን ያወቀ ንጉሥ ብለን ብቻ እንለፈው፤ በሌላው ጠባዩ አላመሰግነውም።

በጌታ እጅ ያስያዙት ዲናርም የጢባርዮስ ከነበረ ፊቱ በጎን ነው። መልኩ የማን እንደሆነ ጠየቃቸው፣ የቄሣር አሉ፣ የቄሣር ለቄሣር ይሁን አለ። ሰው ደግሞ በማን መልክ እንደተፈጠረ ሁሉም ያውቃል። ለቄሣር ግማሽ ፊት ከበቃው ግማሹን ቢወስድ ግድ የለኝም፤ ሙሉው ፊት የት እንዳለ ነው ነገሩ።

እዚህ ጋ ስደርስ ደስ የማይል ነገር ትዝ አለኝ። ገና ሥራ ላይ ሳለሁ፣ እዚሁ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው «እንደምን ዋሉ?» አሉኝ። አላወቅኋቸውም። «በየወሩ ጡረታዬን ከእርስዎ መስኮት አይደል የምቀበለው» አሉ። ስንት ዓመት እንደሆነ ስጠይቅ ዘጠኝ አሉኝ። ስማቸውን ሲነግሩኝ ወዲያው ፊርማቸው መጣልኝ፤ ሁለተኛው ፊደል ላይ የሚያጠፏት ጭራ ሳትቀር። ፊታቸውን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዐይኔ ደብተር ላይ ሆኖ፣ በጎን፣ አሳልፌዋለሁ። እሳቸው መስታወቱ ማዶ ሆነው ሲያዩኝ የኖሩት የኔን ጉንጭ ነው።

አሁን ልጆች ሳንቲም ሲወረውሩ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይላሉ። ዘውዱ በ1969 ዓ.ም. ገንዘብ ከተለወጠ ጀምሮ የለም፤ ጎፈሩ ብቻ ቀርቷል። የአንድ ብሩ ሌላ ገጽ ላይ ያለው ሚዛን ነው። መሪጌታ ይህን ስነግራቸው ሳንቲሙን ተቀብለው መስኮቱ ዘንድ ወስደው አዩት፤ «ሚዛን ያዥ የለበትም እንዴ?» ብለው መለሱልኝ።

መስከረም 24 ቀን ቅዳሴ ወጥቼ ደጀ ሰላሙ ላይ ከሚቀመጡት ነዳያን መካከል ሁልጊዜ ከጧፍ ሻጯ ቀጥሎ ወዳለው ሰውዬ ሄድኩ። እንደ ወትሮው እጁ ላይ ጥዬ ከማለፍ ይልቅ ዛሬስ ፊቱን አያለሁ ብዬ ቆምኩ። ሳንቲሙን ሰጥቼው ትኩር ብዬ አየሁት። ደነገጠ።

«አባባ፣ ያውቁኛል እንዴ?»

«የለም» አልኩት። የምጨምረው ጠፋኝ። ጧፍ ሻጯ ሳቀች።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ዝርዝሯን እያንሿሿች መጣች፤ ሰውየውም «ስለ ተክልዬ!» እያለ ወደ እሷ ዞረ። የቀኝ ጉንጩ ላይ ከጆሮው እስከ አገጩ የወረደ የቆየ ጠባሳ አለው።