ነጣቂ ፍጡር ጨካኝ ነውን?

ሌላውን ነፍስ ገድሎ የሚበላውን ፍጡር ሁሉ ጨካኝ ብሎ መጥራት የሰው ልጅ የቆየ ልማዱ ነው። ነገር ግን ጨካኝነት ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ አንበሳውንና ነብሩንም ትተን ከእግራችን በታች ያለውን ዓለም ብንመረምር፣ ፍርዱ እንደ ልማዱ ቀላል ሆኖ አናገኘውም።

የመንዝን፣ የግሼን ወይም የመርሐቤቴን ደጋ የሚያውቅ ሰው፣ ድንጋይ ሲነሣ ከሥሩ ጥቁር ጢንዚዛ ፈትለክ ብሎ ሲሸሽ ሳያይ አልቀረም። ይህ ፋንድያ ከሚያንከባልለው የተለየ ነው፤ አዳኝ ነው። የተፈጥሮ ጠበብት ከዚህ ከምድር ጢንዚዛ ወገን በዓለም ላይ ወደ 40,000 የሚጠጉ ዓይነቶችን ለይተዋል። አብዛኞቹ ሌሊት ወጥተው ትል፣ ቀንድ አውጣና ሌሎች ነፍሳት ያድናሉ፤ ብዙዎቹም በያዙት ላይ የሚያሟሟ ፈሳሽ አፍስሰው የላመውን ይመጡታል።

በኩሬም ውስጥ ይኸው ሥራ አለ። ዋናተኛው ጢንዚዛ ከክንፉ ሽፋን በታች አየር ቋጥሮ ይጠልቃል፤ እጩም እንደ ማጭድ በታጠፈና ውስጡ ክፍት በሆነ መንጋጋው የያዘውን ይመጣል። በውሃ ፊት የምትሽከረከረው የውሃ እናት ደግሞ ዓይኗ ለሁለት የተከፈለ ስለ ሆነ፣ ከላይ አየሩን ከታች ውሃውን ባንድ ጊዜ እያየች በውሃው ላይ የወደቁትን ነፍሳት ትበላለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 እና በ1927 ሂዩ ስኮትና ኦመር ኩፐር የተባሉ እንግሊዛውያን የአገራችንን ነፍሳት ሰብስበው ሲያጠኑ፣ ኦመር ኩፐር በተለይ የውሃውን ጢንዚዛ መርምሮ ጽፏል። ከእነርሱ አስቀድሞ ግን ልጃገረዶቻችን ጡታቸው ያጎጠጉጥ ዘንድ የውሃ እናትን ያስነክሱ ነበር። ነጣቂዋን እናት ብሎ የሰየመ ሕዝብ ንጥቂያዋን ነውር አላደረገባትም።

እኛም ፍርዱ ትክክል ይመስለናል። ጭካኔ መግደል ብቻ አይደለም፤ ልክን እያወቁ ከልክ ማለፍ ነው እንጂ። ጢንዚዛው ከሆዱ የሚያልፍ ጎተራ የለውም፤ መተው እንደሚቻልም አያውቅም። ስለዚህ አይመሰገንም፣ አይወቀስምም።

«እንግዲያስ ሰውም ለመኖር ሲል ቢያጠፋ ምን ይፈረድበታል?» የሚል ቢኖር፣ ሰው መተውን ያውቃልና ይፈረድበታል እንላለን። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ከሚኖሩት የምድር ጢንዚዛዎች ብዙዎቹ መብረር አይችሉም፤ አንዳንዶቹም ካንድ ተራራ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። እንዲህ ያለ ፍጡር መኖሪያው ቢታረስ ወዴት ይሸሻል? የእርሱ ዕድሜ የሚወሰነው በእኛ ልክ ነው።

ሰው ልኩን ሊያበጅ እንደሚችል የመንዝ አባቶች አስመስክረዋል። በቀሮ ሥርዓት አለቃ መርጠው የጓሳን ሣር ለዓመታት ይዘጉና፣ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፍቱ ነበር። ዘመናትን የተሻገረው ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢፈርስም ሐሳቡ አልሞተም፤ ጓሳ ዛሬም ሕዝቡ የሚጠብቀው፣ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ጥብቅ ስፍራ ነው። አባቶች የጠበቁት ለክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ነበር፤ ነገር ግን በሣሩ ጥላ ስማቸውን እንኳ ያልጠሯቸው ስንት ነፍሳት ተርፈዋል!

እንግዲህ መምህሩ ተማሪውን ድንጋይ አንሥቶ እንዲመለከት ሲያስተምረው፣ ድንጋዩን ወደ ስፍራው መመለስንም ያስተምረው። ባለ ሥልጣኑም መሬት ሲያከፋፍል፣ አቤቱታ ማቅረብ የማይችል ነዋሪ እንዳለ ያስብ።