ትልን ለመግደል ያለን ሥልጣን

ሰው ለጓሮው ጎመን ሲል ትልን ቢገድል ኃጢአት ይሆንበታልን? ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ ብዙዎች ይሥቁበታል። ሣቃቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምድርን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የታዘዘ ሰው፥ ለልጆቹ ያለማውን ምግብ ለተባይ ትቶ እንዲራብ አልታዘዘምና። ነገር ግን ጥያቄው በዚህ የሚያልቅ አይመስለኝም። መግደል የተፈቀደለት ሰው የሚገድለውን ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋልን? እኔ ይገባዋል እላለሁ።

ክሽክሽ የተባለውን ተባይ እንመልከት። ከጎመን ቅጠል ሥር ተጣብቆ ጭማቂውን ይመጥጣል፤ ሴቲቱም ያለ ወንድ ሕያዋን ልጆችን ስለምትወልድ በጥቂት ሳምንት ተባዝቶ ቅጠሉን ይሸፍነዋል። በዚያው ቅጠል ላይ ጀርባዋ ቀይ፥ ነጥቧ ጥቁር የሆነች ትንሽ ጥንዚዛ ትገኛለች፤ እርስዋም፥ ገና ክንፍ ያላበቀለች ልጅዋም ክሽክሹን እየበሉ ያጠፉታል። ልጅዋ ግን ጠቈር ያለች፥ ለዓይን የምታስጠላ ናትና ባለ ጓሮው አስቀድሞ የሚጨፈልቀው እርስዋን ነው። (መልከ መልካሙን ሁሉ ደግ አድርጎ መቍጠር በሰው ላይም የቈየ ልማድ ነው።)

መርዝ ይህን አለማወቅ ያሰፋዋል። የዲዲቲ ተባይ ገዳይነት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. ታወቀ፤ ይህን ያገኘው ስዊሳዊው ፖል ሙለርም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከወባና ቅማል ከሚያስተላልፈው ተስቦ ብዙ ሕዝብ ስላዳነ ምስጋናው ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ጠላትን ከረዳት አይለይም፤ በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥም ብዙ ዘመን ይቈያል። አሜሪካዊቱ ራሔል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ነቀፈችው፤ አገርዋም በ1972 ለእርሻ መዋሉን ከለከለች።

የሚከብደው ነገር ግን ወዲህ ነው። ጎመንዋ የልጆችዋ እራት የሆነላትን ድኻ፥ ጥንዚዛዪቱ እስክትደርስልሽ ታገሺ ማለት የጠገበ ሰው ምክር ነው። ከገበያ ሊገዛ የሚችል ሰው ግን አምስት ቅጠል ቢበሳበት ምን ይጐድልበታል? የትዕግሥት ዕዳ በሁለቱ ላይ እኩል አይጫንም። ማለዳ ቅጠሉን እየገለበጡ በጣት መልቀም፥ በውሃ ማጠብ፥ የምድጃ ዐመድ መነስነስ ገንዘብ አያስወጣም፤ ድካሙን ግን ከቍጥር ልናወጣው አይገባንም። መርዝ ሳይረጭ የማይሆንለትም ቢኖር፥ ቅጠሉ ከመቀጠፉ በፊት ስንት ቀን መቈየት እንዳለበት በመርዙ ዕቃ ላይ ተጽፎለታል። ያ ቀን ሳይደርስ አንድ እስር ጎመን ለጎረቤቱ ቢልክ፥ ጎረቤቱ አመስግኖ ይቀበላል፥ ቀቅሎም ለልጆቹ ያቀርባል፤ ምን እንደ ተረጨበት የሚያውቀው ሰጪው ብቻ ነው።