የመስመር አጥቂው ፍጥነት የማን ነው?

አርሲ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው ሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂና ከአካባቢዋ ወጥተው የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቀዋል። ሯጭን የሚዳኘው ሰዓት ነው። በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ያም ሆኖ ወርቁ የማን እንደሆነ የተከራከረ የለም። ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ቁልቁል ሲወረድ በምትገኘው የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ፣ በኦጎልቾ የሚያድግ እግረ ፈጣን ልጅ ሩጫውን ትቶ ኳስ ቢመርጥና መስመር ይዞ ቢጫወት ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የመስመር አጥቂ የሚሮጠው ለመቅደም ብቻ ሳይሆን ተከላካዩን አልፎ ኳሱን ለሌላ ሰው ለማሻማት ጭምር ነው። ሳጥን ውስጥ ደርሶ የሚጠብቀው ካጣ ያ ሁሉ ፍጥነት ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የእርሱ ሙያ ሃይማኖትም ፍልስፍናም ሲመላለሱበት የኖሩትን ጥያቄ ከማንም በላይ አጉልቶ ያሳያል፦ ሰው ሳይደክምበት ያገኘው ተሰጥኦ የማን ነው? የእኔ መልስ ተሰጥኦ አደራ እንጂ ንብረት አይደለም የሚል ነው፤ ይህ መልስ ግን በቀላሉ የሚዋጥ ስላልሆነ ማስረጃውም ተቃውሞውም መመርመር አለበት።

የመጀመሪያው ማስረጃ የተፈጥሮ ዕድል ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ ማንም ሰው ይዞት የተወለደውን ችሎታ ሠርቶ እንዳላገኘው፣ ስለዚህም ከችሎታው የሚገኘውን ጥቅም ሁሉ ለብቻው ይገባኛል ማለት እንደማይችል ተከራክሯል። ለዚህ ከብራዚላዊው የቀኝ መስመር አጥቂ ከጋሪንቻ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እግሮቹ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን የጎበጡ፣ አንዱም ከሌላው ያጠረ ነበር፤ ተከላካዮች ወዴት እንደሚታጠፍ መገመት አቅቷቸው ሲወድቁ የኖሩት ግን በእነዚሁ እግሮች ነው። ጉድለቱንም ጸጋውንም አልመረጣቸውም። የተወለደባት ፓው ግራንዴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለባት መንደር መሆኗ፣ ፋብሪካውም የኳስ ቡድን የነበረው መሆኑ የእርሱ ሥራ አልነበረም። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ባነሣች በወራት ውስጥ፣ ጋሪንቻ ቺሊ ላይ ፔሌ በጉዳት የተለየውን የብራዚል ቡድን ይዞ ለዓለም ዋንጫ አበቃ። ያው እግር ቡድን በሌለበት መንደር ቢወለድ ኖሮ ጎባጣነቱ እንጂ ተአምሩ አይታወቅም ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ከራሱ ከሙያው ይመጣል። በ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብ ያስቆጠሩት ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ስማቸው ከታሪክ አይጠፋም፤ ኳሱ እንዴት እንደደረሳቸው የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። የመስመር አጥቂ አብዶ ሠርቶ ሁለት ሰው ቢያልፍ ደጋፊ ይነሣለታል፤ ሥራው ሥራ የሚሆነው ግን ሌላው ሲጨርሰው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሚዛኑ በተቃራኒው ያጋድላል። እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዝ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ብላክፑል ቦልተንን 4 ለ 3 ሲያሸንፍ ስታን ሞርተንሰን ሦስት ግብ ቢያስቆጥርም ጨዋታው እስከ ዛሬ የሚጠራው በመስመር አጥቂው በስታንሊ ማቲውስ ስም ነው። የአንዱን ድርሻ ከሌላው ነጥሎ ማስቀመጥ እንደማይቻል ሁለቱም ታሪኮች ያሳያሉ፤ ስም ለአንዱ የሚሰጠው ለአጠራር እንዲመች ነው። ለብቻው ሊቆም የማይችል ችሎታ ደግሞ የአንድ ሰው የብቻ ንብረት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ይህን ክርክር የሚቃወሙ ሁለት ጠንካራ ወገኖች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ድካምን ያነሣሉ፦ ፍጥነት በተፈጥሮ ቢገኝም በየማለዳው ተነሥቶ የሚለማመደው ተጫዋቹ ነው፤ ሰነፍ ጓደኛው በዚያው ፍጥነት የትም አልደረሰም። ይህ እውነት ነው፣ ሊካድም አይገባም። ማቲውስ በ50 ዓመቱ በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲቪዚዮን የተጫወተው ራሱን ገዝቶ ስለኖረ ነው። ነገር ግን ድካም የሚያስገኘው መብት በድካሙ ልክ ነው። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2004 ዓ.ም. ኦጎልቾ የተባለ የስንዴ ዝርያ ለገበሬው አቅርቧል፤ ይህን ዘር የዘራ ገበሬ ያረሰውና ያረመው ራሱ ስለሆነ በምርቱ ላይ መብት አለው፤ ዘሩን እኔ ፈጠርኩት፣ ዝናቡንም እኔ አዘነብኩት ቢል ግን ማንም አይሰማውም። ተጫዋቹም እንዲሁ ነው። ልምምዱና ሜዳ ላይ የሚወስነው ውሳኔ የራሱ ናቸው፤ ምስጋናውም የሚገባው ለእነዚህ ነው። ፍጥነቱ ግን ከዚያ በፊት ተሰጥቶታል።

ሁለተኞቹ ተቃዋሚዎች የፈላስፋው የሮበርት ኖዚክ ተከታዮች ናቸው። ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 ሮልስን ሲሞግት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ዊልት ቻምበርሌይንን በምሳሌነት አነሣ። ተመልካቹ በፈቃዱ 25 ሳንቲም ለቻምበርሌይን ብሎ ከከፈለ፣ ተጫዋቹም ቢበለጽግ፣ ማን ምን ተበደለ? ጥያቄው ብልህ ነው፤ ነገር ግን ሲጠይቅ የተመልካቹን ሳንቲም ብቻ እንጂ ተጫዋቹን እዚያ ያደረሱትን አይቆጥርም። የእግር ኳስ ሕግ ራሱ ከኖዚክ ጋር አይስማማም። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ማንም ኮሚኒስት ብሎ የማይጠረጥረው፣ በሚሊዮኖች የሚነግደው የዓለም ገበያ፣ እግሩ የተጫዋቹ ቢሆንም ፍጥነቱ ውስጥ የሌሎች ድርሻ እንዳለ በጽሑፍ አምኗል። የደንቡ ጉድለት ዕዳውን ማወቁ ሳይሆን አጥብቦ ማወቁ ነው። ክፍያው የሚደርሰው ለተመዘገበ ክለብ ነው፤ ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው ሜዳ ያስተካከለ ጎረቤት፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ኳስ ይዞ የቆመ አስተማሪ በመዝገቡ የሉም።

ከሁለቱም የሚከብድ ሦስተኛ ተቃውሞ ግን አለ። ተሰጥኦ የሌሎች አደራ ከሆነ ሌሎቹ መጥተው ተጫዋቹን ሊያዙት አይችሉም ወይ? ይህ ስጋት ባዶ አይደለም። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊጋችን ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጅቶ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ስለሆነ ሕዝብ ይወስናል የሚለው ሙግት ቶሎ ያሳምናል፤ ተጫዋቹ ራሱ ሰው መሆኑ ግን በዚያው ይረሳል። እዚህ ላይ አደራ ምን እንደሆነ በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። አደራ የሚያስረው ተቀባዩን ነው፤ ለሰጪው ግን ተቀባዩን እንዲበዘብዝ አይፈቅድለትም። እንዲያውም ዕዳው ሁለቱንም ይይዛል። ብራዚል በጋሪንቻ እግር ሁለት የዓለም ዋንጫ አነሣች፤ እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በ49 ዓመቱ በመጠጥ ተጎድቶ፣ በድህነት ሞተ። ከእግሩ የተጠቀመ ሕዝብ እግሩ ሲደክም ዞር ካለ አደራ የበላው ሕዝቡ ነው። የመስመር አጥቂ ዕድሜ ደግሞ ከሌላው ያጠረ ነው፤ ፍጥነት ቀድሞ የሚከዳው እርሱን ነው፣ እንደ ማቲውስ የሚዘልቅ ከስንት አንድ ነው።

የአርሲ ምዕመናን በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ተሰጥኦ አደራ ነው የሚለውን ሐሳብ አሳምረው ያውቁታል። በወንጌሉ የመክሊት ምሳሌ የተፈረደበት ባሪያ ከጌታው ምንም አልሰረቀም፤ የተሰጠውን ሳያሠራ ቀብሮ አቆይቶ ነው የመለሰው። ጥፋቱ ያለ ሥራ ማስቀመጡ ነበር። እስልምናም ጸጋ ሁሉ ከአላህ የመጣ አማና ነው፣ ባለጸጋውም ይጠየቅበታል ብሎ ያስተምራል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነጥብ ለመስመር አጥቂ በልኩ የተሰፋ ይመስላል፦ ስጦታ የሚፈጸመው በእጅ ሲያዝ ሳይሆን ሲተላለፍ ነው። ኳሱን እስከ መጨረሻው መስመር ገፍቶ፣ ጓደኛው ነጻ ሆኖ ሳለ በጠባብ ማዕዘን ራሱ የሚመታ አጥቂ የሚሠራው ስሕተት የታክቲክ ብቻ አይደለም። በጥር 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ፣ በያውንዴ የኢትዮጵያው ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አስተናጋጇ ካሜሩን ላይ ግብ ሲያስቆጥር ያገር ሰው ሁሉ የራሱ ያህል ተደሰተ፤ ጨዋታው በ4 ለ 1 ሽንፈት ቢያበቃም ያ ደስታ ሐሰት አልነበረም። የአንድ ሰው ግብ የብዙ ሰው የሚሆነው ብዙ ሰው በውስጡ ስላለ ነው።

ከዚህ ክርክር የሚከተለው ውጤት ለተጫዋቹ ብቻ የሚሰበክ ትሕትና ሆኖ መቅረት የለበትም። ተሰጥኦ አደራ ከሆነ አደራው በጽሑፍ መያዝ አለበት። እንደ ኦጎልቾ ባሉ የወረዳ ከተሞች የሚጫወቱ የታዳጊ ቡድኖች በፌዴሬሽኑ እንዲታወቁ፣ ልጆቹም ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በስማቸው እንዲመዘገቡ ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ቀን ከእነርሱ አንዱ ባሕር ማዶ ቢሸጥ የ5 በመቶው ድርሻ የሚገባበት በር የሚከፈተው በዚህ ብቻ ነው። ክለቦችም ከደመወዝ ጣሪያ አስቀድሞ ማሰብ ያለባቸው ተጫዋቹ በ30 ዓመቱ ጫማውን ሲሰቅል ስለሚይዘው ሙያና መተዳደሪያ ነው። ተጫዋቹ ለአሳዳጊዎቹ ዕዳ አለበት ማለት የሚችለው ለተጫዋቹ የራሱን ዕዳ ለመክፈል የተዘጋጀ ማኅበረሰብ ብቻ ነው።