በክፍፍሉ ቀን ያልነበረው ልጅ

ካለው ተወስዶ ለሌለው ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ስንባባል ዘወትር የምንጣላው በመውሰዱ ነው። እኔን የከበደኝ ግን ከተካፈሉ በኋላ ያለው ነገር ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬትም እንዳይሸጥ ከለከለ። ባለመሬቱ «የአባቴ ነው» አለ። በተለይ በደቡብ የምርቱን እኩሌታ ያህል ሲያስረክብ የኖረው ጭሰኛ ደግሞ «ያረስሁት እኔ ነኝ» አለ። በእኔ ኅሊና ጭሰኛው ይረታል፤ መሬትን የፈጠረ ሰው የለምና።

ታዲያ ያን ጊዜ ያልተወለደውስ? በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. እንደገና ድልድል ሲደረግ፣ በደርግ ዘመን ሹመት ነበራቸው ተብለው «ቢሮክራት» የተሰኙ ገበሬዎች ይዞታ ተቀንሶ ለሌሎች ተሰጠ። የበደለውም ያልበደለውም በአንድ ገመድ ተለካ፤ ይህን ፍትሕ ልለው አልደፍርም።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ርስት በየ50 ዓመቱ ወደ ቀድሞ ባለቤቱ እንዲመለስ ታዝዟል። አንድ ጊዜ መካፈል እንደማይበቃ የታወቀው ያኔ ነው። የእኛም አዋጅ በ2017 ዓ.ም. 50 ዓመት ሞላው። ዛሬ የአባቱን ጥማድ ከወንድሞቹ ጋር ለሚጠብቀው ወጣት ከማን ይወሰድለት? ጎረቤቱም እንደ እርሱ ድሃ ነው። እንግዲህ ድርሻው ከከተማው ትርፍ፣ ከነጋዴውና ከደመወዝተኛው ግብር ይምጣለት እላለሁ። ይህን ስጽፍ የራሴንም የወር ደመወዝ እያሰብሁ ነው።