የሠሪው ኀጢአት በሰንደቅ ዓላማው ላይ ይቀራልን?

ሰንደቅ ዓላማ በራሱ ጨርቅ ነው፤ ክብሩም ነውሩም የሚመጣው ከቆመለት ነገር ነው። እንግዲህ የሠራው ሰው ባሪያ አሳዳሪ ሆኖ ቢገኝ፥ ሥራውን ከሠሪው ለይቶ ማክበር ይቻላልን? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ብዙዎችን ያከራክራል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1775 ዓ.ም. አሜሪካውያን ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋራ ሲዋጉ፥ በደቡብ ካሮላይና የቻርልስተን ነጋዴ የነበረው ክሪስቶፈር ጋድስደን በቢጫ መደብ ላይ የተጠቀለለ እባብና «አትርገጠኝ» የሚል ቃል ያለበትን ሰንደቅ ዓላማ አወጣ። ነገር ግን ሰውዬው ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። ባሠራው የመርከብ መጠጊያም እስከ 1808 ዓ.ም. ድረስ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ አፍሪካውያን ለሽያጭ ወርደዋል። በዚያው ስፍራ በ2023 ዓ.ም. ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ቤተ መዘክር ተከፍቷል።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ሰንደቅ ዓላማ አለ፤ ይኸውም በ1861 ዓ.ም. ጀምሮ ባርነትን ለማጽናት የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች በጦር ሜዳ ያውለበለቡት ነው። በዚህኛው በደሉ ከሠሪው አልፎ የሰንደቅ ዓላማው የመቆሚያ ምክንያት ነውና፥ የሚለየው ነገር የለም። በ2015 ዓ.ም. ይህን ይዞ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው በቻርልስተን 9 ምእመናንን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከገደለ በኋላ፥ ደቡብ ካሮላይና ከምክር ቤቷ ግቢ አውርዳዋለች።

የጋድስደንን ግን በምን እንመዝነው? ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራ፥ ለሕዝቡም መዳኛ የነበረ ነው። ሆኖም በኋላ ዘመን ሕዝቡ ዕጣን ያጥኑለት ስለ ነበር ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው። የሠሪው ቅድስና ያን እባብ ከመሰበር ካላዳነው፥ የሠሪው ኀጢአትም ብቻውን አንድን ምልክት ለመኰነን አይበቃም። ምልክት የሚመዘነው ሰዎች በፊቱ በሚያደርጉት ነገር ነው።

ስለዚህ ያን ሰንደቅ ዓላማ የሚይዝ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው እውነቱን አለመሸሸግ ነው፤ የሠሪውን ጀግንነት የሚያወራ ሰው የመርከብ መጠጊያውንም ያውራ። ሁለተኛው «አትርገጠኝ» የሚለውን ቃል ለተረገጠው ሁሉ መመስከር ነው። ምሕረት ለምኖ ካገኘ በኋላ ባልንጀራውን ያነቀው ባሪያ በወንጌል የተፈረደበት ለራሱ የፈለገውን ለወንድሙ ስለ ነሣ ነው። ነጻነትን ለራሱ ብቻ የሚጠይቅም ሰው ከጨርቁ ጋራ የሠሪውን ኀጢአት ወርሷል፤ ምእመናን ሆይ፥ ከቀደሙት የተቀበልነውን ሁሉ በዚህ ሚዛን እንመርምር።