አንበጣ፥ ሸረሪትና ንብ ስለ ባልንጀርነት የሚሰጡን ትምህርት

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፥ እግዚአብሔር ሰውን ለማስተማር ሁልጊዜ ታላላቅ ነገርን አይመርጥም። ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ሰው የላከው ወደ ነገሥታት አደባባይ አይደለም፥ ወደ ገብረ ጉንዳን ነው እንጂ። በዚያው በመጽሐፈ ምሳሌ በ30ኛው ምዕራፍ አንበጣ ጥቃቅን ሆነው ሳሉ ጥበብ ካላቸው ፍጥረቶች ጋር ተቈጥሮአል። እንግዲህ እኛም ዛሬ ከነዚህ ታናናሾች ዘንድ ቀርበን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ጥያቄውም፥ ከማን ጋር ልኑር? የሚል ነው። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ከተማ መጥቶ፥ አባትና እናት በማያዩት ቤት አድሮ፥ አዲስ ባልንጀራ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥያቄ ታናሽ አይደለም።

አስቀድመን አንበጣን እንመልከት። የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲኖር ዓይን አፋር ነው። መልኩ የሚኖርበትን አሸዋና ቅጠል ይመስላል፤ ቀን ይሸሸጋል፥ በሌሊት ይበራል፥ ሌላ አንበጣ ቢያይ ይርቃል፤ አገርንም አያስርብም። ነገር ግን ዝናብ ዘንቦ ሣር በበቀለ ጊዜ ይበዛል፤ ሣሩም ሲደርቅ በቀረችው ጥቂት ልምላሜ ላይ ሁሉም ይሰበሰባሉ፥ እርስ በርሳቸውም ይተሻሻሉ። ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት የአንበጣው የኋላ እግር በባልንጀሮቹ ደጋግሞ ሲነካ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል፤ ይሸሻቸው የነበሩትን መከተል ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መልኩም ይለወጣል፤ አረንጓዴው ኩብኩባ ቢጫና ጥቁር ይሆናል። የአንበጣን ነገር የሚመረምሩ ሰዎች ብቸኛውንና መንገኛውን ሁለት ልዩ ልዩ ዘር ይመስሉአቸው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. ግን ኡቫሮቭ የተባለ ሊቅ፥ ፍጥረቱ አንድ ሲሆን ጠባዩና መልኩ ሁለት መሆኑን ጽፎ አስታወቀ።

ይህ ፍጥረት ሁለት ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቀን የሚበላውም የገዛ ክብደቱን ያህል ነው። ይህስ ምን ያህል ነው? ትል ይሆናል። ነገር ግን ርዝመቱም ወርዱም አንድ ኪሎ ሜትር በሆነ ስፍራ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊሰፍር ይችላል፤ ከእነርሱም 40 ሚሊዮኑ ብቻ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል እህል ይጨርሳሉ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. ከምዕራብ አፍሪካ የተነሣ መንጋ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግሮ እስከ ካሪብ ደሴቶች ደረሰ። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. እና በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣውን መንጋ ያላየ ወይም ያልሰማ ማን ነው? ለአጨዳ የደረሰ ማሳ በአንድ ቀን ባዶ ሲቀር ገበሬው ጨርቁን እያራገበ፥ ቆርቆሮም እየመታ ይጮኽ ነበር። ያን ሁሉ ያደረገው ቀድሞ ብቻውን በነበረ ጊዜ ማንንም የማያስደነግጠው ያ ዓይን አፋር አንበጣ ነው።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ እኔ ራሴን አውቃለሁ፥ ከእነርሱ ጋር አንድ ምሽት ብቀመጥ አልለወጥም፥ ብለህ ታውቅ ይሆናል። አንበጣውም መናገር ቢችል እንዲሁ ባለ ነበር። እርሱን የለወጠው ብዙ ዘመን አይደለም፥ መነካካት ነው። እንዲሁም ልጅ ከቤቱ ሲወጣ ሰካራም አልነበረም፤ ነገር ግን መጠጥ ቤት ሲገቡ አብሮ ገባ፥ ሲሣለቁ አብሮ ሣቀ፥ በፈተና ሲሰርቁ ዝም ብሎ አየ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ እናቱ መልኩን አጣችው። ደግሞ ይህን አስተውል፤ ክንፍ ያላወጡት ኩብኩባዎች ተሰልፈው ሲጓዙ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ይነክሰዋል፥ ቢያገኘውም ይበላዋል። ሥርዓት የሚመስል ጉዞ ሁሉ ፍቅር ያለበት አይደለም። በክፉ ማኅበር ያለ ሰውም ከኋላው ያሉት እንዳይነክሱት ፈርቶ ወደ ፊት ይሮጣል እንጂ መንገዱን ወዶት አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው፤ በመንጋ የኖረች እናት አንበጣ ከምትጥለው እንቍላል የሚፈለፈሉት ወደ መንጋ ያዘነበሉ ሆነው ይወለዳሉ። ባልንጀርነታችን በእኛ ብቻ አይቀርም፥ ወደ ልጆቻችንም ይተላለፋል። ብዙዎችን ተከትለህ ለክፋት አትሂድ የሚለው የኦሪት ትእዛዝ በከንቱ አልተሰጠም።

ምናልባት አንዱ፥ እንግዲያስ ከሰው ሁሉ ርቄ ብቻዬን እኖራለሁ፥ ይል ይሆናል። ይህ ሰው ወደ ሸረሪት ይሂድ። በዓለም ከታወቁት ከ50,000 በላይ ከሚሆኑ የሸረሪት ዘሮች መካከል በማኅበር የሚኖሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ ብቸኞች ናቸው። ጥበባቸው ግን ድንቅ ነው። የድራቸው ክር በክብደቱ መጠን ቢመዘን ከብረት ሽቦ ይጠነክራል። በማዳጋስካር ደሴት የምትኖር፥ አካልዋ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ አንዲት ሸረሪት፥ ከወንዝ ዳር እስከ ወንዝ ማዶ እስከ 25 ሜትር የሚደርስ ድር ትዘረጋለች። ይህ ሁሉ ጥበብ ግን ለምን ሆነ? የሚያልፈውን ለማጥመድ ነው። በብዙ ዓይነት ሸረሪት ዘንድ እንስቲቱ ሊያገባት የመጣውን ወንድ እንኳ ትበላዋለች። ነቢዩ ኢሳይያስም ስለ ዓመፀኞች ሲናገር ሥራቸውን ለልብስ በማይሆን በሸረሪት ድር መሰለው። እንግዲህ ተምሮ ለራሱ ብቻ የሚኖር፥ ዕውቀቱን ሌላውን ለማጥመድ የሚዘረጋ ሰው ከክፉ ማኅበር ስለ ራቀ ብቻ ጻድቅ አይባልም። የአገራችን ምሳሌም፥ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፥ ይላል፤ ድሩ የተመሰገነው ስላበረ ነው።

አሁንም ወደ ንብ እንሂድ። ንብም እንደ አንበጣ በብዙ ሺህ ትኖራለች፤ ነገር ግን የአንበጣ ብዛት ማሳን ባዶ ሲያደርግ የንብ ብዛት ቀፎን ይሞላል፥ አበባውንም እንዲያፈራ ይረዳዋል። ለመቅሰም የምትወጣ ሠራተኛ ንብ በሥራ ወራት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ነው፤ በዚያም ዕድሜዋ ሁሉ የምትሠራው ማር ከአንድ የሻይ ማንኪያ ከዐሥራ ሁለት እጅ አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነው። አብዛኛውንም እርስዋ አትበላውም፤ አበባ በሌለበት ወራት ለሚኖሩት እኅቶችዋ ትተወዋለች። መልካም አበባ ባገኘች ጊዜ አትሸሽግም፤ በቀፎው ጨለማ ውስጥ እየተወዛወዘች ወዴት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚርቅ ለባልንጀሮችዋ ታመለክታለች። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለ ሊቅ ይህን ምልክት ገልጦ ስላስረዳ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ተማሪ ሆይ፥ አንተስ የተማርኸውን ለባልንጀራህ ታሳያለህን? ወይስ እርሱ እንዳይበልጥህ ደብተርህን ትሸፍናለህ?

እነሆ፥ ብዛት በራሱ ክፉ አይደለም፥ ብቸኝነትም በራሱ ቅዱስ አይደለም። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሊጸልይ ብቻውን ወደ ተራራ ወጣ፤ ደግሞም ከተራራው ወርዶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ኖረ። ስለዚህ ማኅበርህን በዚህ መርምር፤ ከእነርሱ ጋር ውለህ ስትመለስ ቤትህ ይሞላልን ወይስ ይጎድላል? ጸሎትህ ይቀልልሃልን ወይስ ይከብድሃል?

በአንበጣ መንጋ ውስጥ ራስህን ያገኘህ ሰው ግን ተስፋ አትቍረጥ። ያ መንገኛ አንበጣ ከመንጋው ተለይቶ ቢቀመጥ የቀድሞ ጠባዩ ቀስ በቀስ ይመለስለታል፤ በመንጋው የቈየው ግን ለመመለስ ይዘገያል። ስለዚህ ነገ እለያለሁ አትበል፥ ዛሬ ማታ ተለይ። በነቢዩ በኢዮኤል አፍ እግዚአብሔር አንበጣ የበላቸውን ዓመታት እንደሚመልስ ለሕዝቡ ተስፋ ሰጥቶአል። የሰው ጥበብ የተበላውን ማሳ ሊመልስ አይችልም፤ የተበላውን ዓመት የሚመልስ ግን አለ። ወደ እርሱ ቅረብ፥ እርሱንም ከሚወዱት ጋር ተባበር። ለእርሱ ክብር ይሁን፤ አሜን።