ተፈጥሮ በቆመችበት ወንጌል ይጀምራል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆቻችን፣ «የሰው ጠባይ በዝግመተ ለውጥ የተቀረጸ ከኾነ፣ ስለ ምን እንወቀሳለን?» ሲሉ እንሰማቸዋለን። ይህን ጥያቄ መርምረን እንጂ ተቈጥተን ልንመልሰው አይገባንም።

እንግሊዛዊው ቻርለስ ዳርዊን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ስለ ፍጥረታት ዝርያ፣ በ1871 ደግሞ ስለ ሰው አመጣጥ ጻፈ። ለኑሮው የሚስማማ ጠባይ ያለው ፍጡር ብዙ ዘር ስለሚተርፍለት፣ ያ ጠባይ በየትውልዱ እየበዛ ይሄዳል አለ። ታዲያ ራሱን ለሌላው የሚጐዳ ፍጡር እንዴት ተገኘ? ዊልያም ሃሚልተን በ1964 ይህን በስሌት አስረዳ። ወንድም ከወንድሙ ጋር በውርስ ከሚተላለፈው እኩሌታውን፣ የአጎት ልጅ ግን አንድ ስምንተኛውን ይጋራል፤ ስለዚህ ለቅርብ ዘመድ መድከም የራስን ውርስ ማትረፍ ነው። ሮበርት ትሪቨርስም በ1971፣ ባዕዳን የሚረዳዱት ውለታ ስለሚመለስ ነው ሲል ጨመረበት።

ሰውን በአርአያው የፈጠረ እግዚአብሔር መኾኑ እምነታችን ነው። ለዘመድና ለባለውለታ መራራት በተፈጥሮ የሚገኝ መኾኑ ግን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጌታችን በተራራው ስብከቱ፣ የሚወዱንን ብቻ ብንወድ ዋጋ እንደሌለን፣ ይህንንማ ቀራጮችም እንደሚያደርጉት አስተምሮናል። የዝንባሌያችንን ምንጭ ማወቅም ለኀጢአት ማመካኛ አይኾነንም፤ ቃየን ቅንዐቱ ከወዴት እንደ መጣ ቢያውቅ እንኳ፣ በኀጢአት ላይ እንዲሠለጥን የተሰጠው ትእዛዝ አይቀርለትም ነበርና።

ለዚህ ነገር ጆርጅ ፕራይስን እናስብ። ይህ አሜሪካዊ ሊቅ በለንደን ተቀምጦ የሃሚልተንን ስሌት አስፍቶ በ1970 አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም በክርስቶስ አመነ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ለድኾች ሰጠ፤ ቤት የሌላቸውን ሰካራሞች በቤቱ ተቀበለ። እነርሱ ዘመዶቹ አልነበሩም፤ ውለታውንም የሚመልሱ አልነበሩም። ነገር ግን በ1975 ደኽይቶና አዝኖ ሳለ በገዛ እጁ ሞተ።

ፍርዱን ለእግዚአብሔር እንተወዋለን። እኛ ግን ከዚህ የምንማረው አለ። ባዕድን የመውደድ ሸክም አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ስለዚህ ካህኑ የንስሐ ልጁን፣ ማኅበርተኛውም ጓደኛውን ይጠይቅ፤ ሲሰጥ የሚታየው ሰው ውስጡ ዝሎ እንደ ኾነ ይመርመር። ከቅዳሴ በኋላም በደጀ ሰላሙ ከተቀመጡት መካከል ስሙን የማናውቀውን አንድ ሰው ስሙን ጠይቀን፣ ከማዕዳችን እናካፍለው። ልጆቻችን ለጥያቄያቸው መልሱን ከቃላችን ይልቅ በዚህ ያገኙታል።

ይህን ለማድረግ እግዚአብሔር በቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።